ስለ ልብ ጨውና ስለ ገበታችን ቅባት

በዐቢይ ጾም ወራት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ አካባቢ የተላከ ነበር። ጸሓፊዋ ስሟ እንዳይገለጥ ለምናናለችና ቃሏን ጠብቀን ነገሩን ብቻ እናቀርባለን። እናቷ በማሕፀን በር ነቀርሳ፣ ዛሬ ሁሉም ካንሰር እያለ በሚጠራው ሕመም ተይዘው ወደ ከተማ ሆስፒታል ሄደው ነበር። በዚያም በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ለጥቂት ሳምንታት ከወሰዱ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ነገር ግን ከተመለሱ በኋላ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ባታቸውም በሌሊት ይኰማተር ጀመር፤ ልባቸውም አንዳንድ ጊዜ ያለ ሥርዐት እየመታ ያስጨንቃቸዋል። ጎረቤቱ ሁሉ «ልባቸው ደክሟል፣ ቅቤ አጠጫቸው» ይላል። እርሳቸው ግን «በሑዳዴ ቅቤ አልቀምስም» ብለው እንቢ አሉ። ልጅቱም በሁለቱ መካከል ተጨንቃ «ገበያ ወጥቼ ምን ልግዛላቸው? ቅቤ ይሻላል ወይስ ዘይት? ዘይትስ ከሆነ የትኛው?» ስትል ትጠይቀናለች።

ይህ ደብዳቤ የመጽሔቱን መታተም የሚጠብቅ አልነበረም። በደብዳቤው ግርጌ የስልክ ቍጥር ስለ ነበረ በዚያው ቀን ደውለን ስለ ቅቤና ስለ ዘይት ከመነጋገራችን አስቀድሞ እናቷን ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም እንድትወስድ ነገርናት። የልብን አመታት ይዘው፣ ደማቸውንም ወስደው የማግኒዥየምን፣ የፖታሲየምንና የካልሲየምን መጠን እንዲመረምሩላት እንድትጠይቅም መከርናት። ለምን እንዲህ እንዳልን ለእርሷም ለሌሎቻችሁም በዚህ ወር አምዳችን እናስረዳለን። በየቤቱ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይጠፋምና፣ በኢትዮጵያም ሴቶች ላይ አብዝተው ከሚታዩት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁለቱ የጡትና የማሕፀን በር ነቀርሳ ናቸውና።

በመጀመሪያ ስለ ልብ እንናገር። ልብ ጡንቻ ነው፤ በአንድ ቀንም መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። ይህንንም የሚያደርገው ጨዎችን ከሕዋሱ ውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭም ወደ ውስጥ እያመላለሰ ነው። ጨው ስንል ወጥ የምናጣፍጥበትን ብቻ ማለታችን አይደለም። ፖታሲየም በብዛት በሕዋሱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሶዲየም በብዛት በውጭ ይኖራል። ካልሲየም ወደ ውስጥ ሲገባ ጡንቻው ይኰማተራል፣ ተመልሶ ሲሰበሰብም ይላላል። ማግኒዥየም ደግሞ እነዚህ ሁሉ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ደጅ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሲጐድል ፖታሲየም ከሕዋሱ እየሾለከ ይወጣል፣ ካልሲየምም ያለ ልክ ይገባል፤ ያን ጊዜ ልብ ሥርዐቱን ስቶ ይመታል፣ ጡንቻም ይንቀጠቀጣል።

በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ማግኒዥየም 25 ግራም ያህል ነው። ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው በአጥንት ይገኛል፣ የቀረው አብዛኛው በሥጋና በሌሎች ብልቶች ይኖራል፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ከመቶ አንድ እጅ ያነሰ ነው። ስለዚህም የደም ምርመራ ጕድለት ካሳየ ነገሩን ቸል ማለት አይገባም፤ ደኅና ነው ቢልም እንኳ ምልክቱ ካለ ሐኪሙ ደግሞ ማየት ይኖርበታል።

ከእነዚህ በቀር ልብ በጥቂቱ የሚሻቸው ሌሎች ማዕድናት አሉ። ብረት በልብ ሥጋ ውስጥ አየር ይይዛል፤ መዳብ የልብን ሥጋ የሚያያይዙትን ጅማቶች ያጠነክራል፤ ዚንክ ሕዋሳትን ለማደስ ይረዳል፤ ሴሊኒየም የተባለውም ማዕድን ልብን ከመቃጠልና ከመበላሸት ይከላከላል። መጠናቸው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆናቸው ግን ዋጋቸውን አያሳንሰውም።

አሁን የነቀርሳ ሕመም በእነዚህ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ነቀርሳ በአንድ ብልት የተወሰነ እብጠት ቢመስልም በመላው አካል ላይ የቍጣ እሳት የሚያነድ ሕመም ነው። በዚህ እሳት ምክንያት ጉበት ከደም ውስጥ ዚንክን ይሰበስባል፣ መዳብ ተሸካሚ የሆነውንም ፕሮቲን አብዝቶ ይለቃል። ከዚህም የተነሣ በብዙ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ዚንክ ዝቅ ብሎ፣ መዳብ ደግሞ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጉበት እንዲሁ ሄፕሲዲን የተባለውን ቅመም ስለሚያመነጭ ብረት በጎተራው ተቈልፎበት ይቀራል። ሕመምተኛው ብረት እያለው ደም ያጣል፤ ጎተራው ሞልቶ ቤተ ሰቡ ሲራብ እንደ ማለት ነው። እንግዲህ «ደም አነሰው» ተብሎ ያለ ሐኪም ቃል የብረት ክኒን ከሱቅ ገዝቶ መስጠት ሁልጊዜ የማይጠቅመው ስለዚህ ነው።

ሕመሙ ሲጠና ሰውየው ይከሳል። ሐኪሞች በ2011 እ.ኤ.አ. በተስማሙበት መለኪያ መሠረት፣ አንድ የነቀርሳ ሕመምተኛ ሳይፈልግ በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ በላይ ቢቀንስ ነገሩ ተራ ክሳት ሳይሆን ራሱን የቻለ ሕመም ነው። 60 ኪሎ ለነበረ ሰው ይህ 3 ኪሎ ብቻ ነው። የሚከሳውም የክንድና የጭን ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ልብም ሥጋ ነውና አብሮ ይቀንሳል። ሥጋው ሲቀልጥም በውስጡ የነበሩት ፖታሲየምና ማግኒዥየም አብረው ይወጣሉ።

ከሕመሙ በላይ አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ የልብን ጨው ይነካል። ለማሕፀን በር ነቀርሳ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ፕላቲነም ከተባለው ክቡር ማዕድን የተሠራ ነው። የነቀርሳን ሕዋስ ይገድላል፤ ብዙ ሰዎችንም ከሞት አትርፏል። ነገር ግን በኵላሊት ውስጥ ሲያልፍ ማግኒዥየምን ከሽንት መልሰው የሚይዙትን ሕዋሳት ይጐዳል። ከዚያም ማግኒዥየም ከሽንት ጋር ይፈሳል፣ ፖታሲየምም ይከተለዋል፤ ማግኒዥየሙ ካልተተካ ደግሞ ፖታሲየሙን ብቻ መስጠት አይረባም። ስለዚህ ነው ሐኪሞች ከመድኃኒቱ ጋር ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጡት፣ ውሃም አብዝታችሁ ጠጡ የሚሉት። ለጡት ነቀርሳ የሚሰጠው ቀይ መልክ ያለው ዶክሶሩቢሲን ደግሞ ብረትን መሣሪያ አድርጎ የልብን ሥጋ ሊጐዳ ስለሚችል፣ የሚሰጠው ጠቅላላ መጠን የተወሰነ ነው፤ ልብም በየጊዜው ይመረመራል። ይህን የምንናገረው ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ፈርተው እንዲተዉ አይደለም፤ ጥቅሙ ከጕዳቱ እንደሚበልጥ ታምኖበት የሚሰጥ ነውና። የምንናገረው መንቀጥቀጡና የልብ መምታቱ ከክፉ ዐይን ወይም ከቅቤ ማጣት የመጣ መስሎ ሰው በቤቱ እንዳይጠፋ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅባቱ እንመለስ። ቅባት የልብን ጨው በሁለት መንገድ ይነካል። የመጀመሪያው በሆድ ውስጥ ነው። የቤት እመቤቶች እንደምታውቁት አንዳንድ የጕድጓድ ወይም የምንጭ ውሃ ሳሙና ሲያገኘው አረፋ አይሰጥም፤ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል እንጂ። ይህም የሚሆነው በውሃው ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዥየም ከሳሙናው ቅባት ጋር ስለሚጣበቁ ነው። በሆድ ውስጥም እንዲሁ ይሆናል። ሕመምተኛው ቅባትን መፍጨት ሲያቅተው ያልተፈጨው ቅባት ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ጋር ተጣብቆ ሳሙና ይሆንና ከሰገራ ጋር ይወጣል። በተለይ እንደ ቅቤና እንደ ሞራ የሚረጉት ቅባቶች ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። ሆዱ የላላ፣ ሰገራውም የሚያብረቀርቅና ከውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሕመምተኛ ቅቤ ቢያጠጡት ልቡ አይጠናም፤ የልቡ ጨው ይባክናል እንጂ።

ሁለተኛው መንገድ በልቡ በራሱ ውስጥ ነው። የልብ ሕዋስ ቅጥሩ የተሠራው ከቅባት ነው፤ ሰው ለሳምንታት የሚመገበውም የቅባት ዓይነት እየቈየ በዚያ ቅጥር ውስጥ ይገባል። ጨዎቹ የሚገቡባቸውና የሚወጡባቸው ደጆች በቅጥሩ ላይ የተተከሉ ስለሆኑ፣ ቅጥሩ ሲለወጥ የደጆቹም አሠራር ይለወጣል። በሌሎች አገሮች ያሉ ሊቃውንት ነቀርሳ ለያዛቸው አይጦች ልዩ ልዩ ቅባት እያበሉ በልባቸው ውስጥ ያለውን ማዕድን የሚለኩት ይህን ለመረዳት ነው። ከአይጥ የተገኘው ሁሉ ለሰው ሕግ አይሆንም፤ የሆነ ሆኖ ሕመሙና ቅባቱ በአንድነት የልብን ጨው እንደሚነኩ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በገበያችን ያሉትን ቅባቶች አንድ በአንድ እንያቸው። ቅቤ ከቅባቱ ከግማሽ የሚበልጠው የሚረጋ ዓይነት ነው። ኀይል ይሰጣል፣ ጣዕምም አለው፤ ማግኒዥየም ግን የለውም ለማለት ያስደፍራል፤ በ100 ግራም ቅቤ ውስጥ ያለው 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው የሚረጋው የፓልም ዘይት ምንም እንኳ ከተክል የተገኘና የጾም ቢሆን፣ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋ ቅባት ነው። የኑግ ዘይት ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ሊኖሌይክ የተባለው የማይረጋ ቅባት ነው፤ ሱፍም ለዚህ ይቀርባል፤ ሰሊጥም መካከለኛ ነው። ተልባ ደግሞ ከሁሉ ይለያል። ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ የዓሣ ዘይት ዘመድ የሆነው ኦሜጋ ሦስት ሲሆን፣ በ100 ግራም ፍሬው ውስጥም ወደ 390 ሚሊግራም የሚጠጋ ማግኒዥየም ይገኛል። በቅቤና በተልባ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። ይሁን እንጂ የተልባ ቅባት በእሳት፣ በብርሃንና በነፋስ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ተቈልቶ፣ ተወቅጦ፣ በዚያው ቀን ቢበላ ይመረጣል።

ስለ ጎመን ዘር ልዩ ነገር መናገር ይገባናል። እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ይህ ፍሬ የአገራችን ተክል ነው፤ ዘይቱ ግን ኤሩሲክ የተባለው ቅባት እስከ ከመቶ አርባ እጅ ያህል አለበት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በውጭ አገር በአይጦች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ይህ ቅባት ሲበዛ የልብ ሕዋስ ሊያቃጥለው አቅቶት በውስጡ እንደሚጠራቀም አሳይተዋል። ከዚህም የተነሣ ካናዳውያን ኤሩሲክ የሌለበትን ዘር አዳቅለው ዛሬ ካኖላ የሚባለውን ዘይት አወጡ። የእኛንም ጎመን ዘር ከሌላ ሰናፍጭ ጋር አዳቅሎ ኤሩሲክ የሌለበት ዘር የማውጣቱ ሥራ እንደተሳካ በ1994 እ.ኤ.አ. በካናዳ ታትሞ ወጥቷል። በሰው ልብ ላይ ያው ጕዳት መድረሱ አልተረጋገጠም፤ ምጣድ ማሰሱም ጥቂት ስለሆነ የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን ልቡ ለደከመ ሕመምተኛ የጎመን ዘር ዘይትን ዋና ቅባት አድርጎ መስጠት አይመከርም።

ምግብ ማዕድኑን የሚያገኘው ከአፈር ስለሆነ ስለ መሬታችንም አንድ ቃል እንጨምር። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ኬሻን በተባለው አውራጃ በ1935 እ.ኤ.አ. የታወቀ፣ የልብን ሥጋ የሚያደክም ሕመም ነበር፤ ምክንያቱም በአፈሩ ሴሊኒየም ማነስ እንደ ሆነ በኋላ ታወቀ። በአገራችንም በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ሰዎች ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ሴሊኒየም እንደሚያንሰው አሳይቷል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ አማራን ጨምሮ በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ቦታዎች የበቀለው ጤፍና ስንዴ፣ መልኩ አንድ ሆኖ ሳለ በሴሊኒየምና በዚንክ እንደ አፈሩ እንደሚለያይ አስረድቷል። ስለዚህ ከአንድ ማሳ ብቻ የሚበላ ቤተ ሰብ እህሉን ቢያለዋውጥ፣ ደጋው ከቈላው ቢሸምት ይጠቀማል። እንደ ጋይንት ከደጋ እስከ በሽሎ በረሓ የሚወርድ አገር ለዚህ የተመቸ ነው። ገበያም የተፈጠረው ለመሸጥና ለመግዛት ብቻ ሳይሆን የአፈርን ጕድለት በአፈር ለመሙላት ጭምር ነው ብንል አናጋንንም።

አሁን ስለ ጾሙ ጥያቄ እንመልስ። እናት በሑዳዴ ቅቤ አልቀምስም ማለታቸው፣ ስለ ልባቸው ጨው ከሆነ፣ የሚጐዳቸው ነገር አይደለም። የጾም ገበታችን፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ ተልባው፣ በሱፍ የተፈተፈተው እንጀራ፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም የሞላበት ነው። የእንጀራው ሊጥ በእርሾ መቡካቱም ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚፈታ ትልቅ ጥቅም ነው። እርሳቸውን የሚጐዳቸው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ እህልና ያለ ውሃ መቈየት ነው። ሲስፕላቲን የወሰደ ሰው ኵላሊቱ ውሃ ይሻል፤ የከሳም ሰው በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መቅመስ አለበት። ቤተ ክርስቲያናችን ለሕሙማን የጾምን ሸክም እንደምታቀልል የታወቀ ነው፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በሚናገረው በ15ኛው አንቀጽ የታመመን ሰው አያስገድድም። ልጅቱ ከእናቷ ጋር ከምትከራከር የንስሐ አባታቸውን ወደ ቤት ጠርታ በፊታቸው ብታስረዳ ይሻላል። እናቶቻችን ከልጅ የማይቀበሉትን ከአባት ይቀበላሉና። የንስሐ አባታቸው ዕንቍላልና ወተት የፈቀዱላቸው እንደ ሆነም ሥጋቸውን ለመጠበቅ እጅግ ይጠቅማቸዋል።

እንግዲህ ለእኅታችንና በእርሷ ቦታ ላሉ ሁሉ ምክራችን በአጭሩ ይህ ነው።

ማንኛውም የነቀርሳ መድኃኒት የወሰደ ሰው ቢንቀጠቀጥ፣ ቢኰማተር፣ ልቡ ያለ ሥርዐት ቢመታ ወይም ራሱን ቢስት በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ቦታ ይወሰድ፤ የወሰደውም መድኃኒት ስም የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ይሂድ። ማስመለስና ተቅማጥ ጨውን ጠራርገው ስለሚያወጡ ከአንድ ቀን በላይ ሲቈዩ ቸል አይባሉ። ጠበል የሚጠጣ ሕመምተኛም መድኃኒቱን አይተው፤ ስለ ሁለቱም ሐኪሙና ካህኑ ይወቁ።

የማግኒዥየም፣ የዚንክ ወይም የሴሊኒየም ክኒን ያለ ምርመራ አይሰጥ፤ ሲበዛ እያንዳንዱ መርዝ ነውና። ኵላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ባቄላና ድንች እንኳ ሊከለከል ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቅባት ፈጽሞ አይከልከል፤ ቅባት ከሌለ እንደ ቫይታሚን ዲ ያሉት አይሰርጹም፣ የከሳው ሰውም ኀይል አያገኝም። ነገር ግን ዋናው የኑግ፣ የሱፍ ወይም የሰሊጥ ዘይት ይሁን፤ ቅቤ በፍስክ ቀን ለጣዕም ያህል ይጨመር። በሳምንት ጥቂት ቀን የተልባ ወጥ ወይም ተልባ የተጨመረበት ቀጭን አጥሚት ይሰጥ። ሆድ የተዘጋበት ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው ግን ተልባ ከመቅመሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ይህን አምድ ስንጽፍ ከአርብ ገበያዋ እኅታችን ሁለተኛ መልእክት ደረሰን። እናቷን በማግሥቱ ወስዳ ደማቸው ሲመረመር ማግኒዥየምም ፖታሲየምም ጐድለው ተገኙ። በሆስፒታል ሦስት ቀን በደም ሥር ተሰጥቷቸው መንቀጥቀጡ ቆመ፣ የልባቸውም አመታት ተስተካከለ። ሕመማቸው ገና አልዳነም፤ ቀሪውን ሕክምና ለመቀጠል ቀን ተቈርጦላቸዋል። የንስሐ አባታቸው መጥተው በጠዋት እንዲቀምሱና ውሃ እንዲጠጡ አዘዋቸዋል፤ ቅቤውን ግን ራሳቸው «እስከ ትንሣኤ ይቈየኝ» ብለዋል። ልጅቱም ለቅቤ የያዘችውን ገንዘብ ለተልባና ለባቄላ አውላዋለች፤ ከዚያ የተረፈውንም ለቀጠሮው መሳፈሪያ አስቀምጣለች።

እኛም ደግ አደረግሽ እንላታለን። ጎረቤቶቿንም አንነቅፋቸውም፤ ቅቤ አጠጫቸው ያሉት ከፍቅር ነውና። ፍቅር ከዕውቀት ጋር ሲሆን ግን የበለጠ ያድናል። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በቤቱ ያለው፣ ዛሬ ማታ ከማዕድ በኋላ የመድኃኒቱን ወረቀት አውጥቶ ስሙን ያንብብ፤ በሚቀጥለውም ቀጠሮ «የደም ጨው ተመርምሯል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

እግዚአብሔር ሕሙማንን ሁሉ ይማርልን፤ አስታማሚዎችንም ያበርታልን።